የፈሳሽ መቅለጫ ነጥብ ያስለካንበት ላብራቶሪ፦ ውድ ነው፣ ቀርፋፋ ነው፣ ደግሜ ግን እልክላቸዋለሁ

ፍርዴን ከፊት ላድርገው። ከአምስት ኮከብ አራት እሰጣቸዋለሁ። አንዷን ያስቀረሁት ኢሜይል ሲጻፍላቸው ጆሮ ዳባ ልበስ ስለሚሉና የመጨረሻው ሪፖርት እስኪመጣ ሰው ተስፋ ስለሚያስቆርጡ ነው። ላብራቶሪው ውስጥ በሚሠሩት ሥራ ግን እንከን አላወጣላቸውም።

ስማቸውን አልጽፍም። የማማርርበት ነገር ስላለኝ ስም ጠርቶ መካሰስ ውስጥ መግባት አልፈልግም። ደግሞም እዚህ የማወራው ለየትኛውም ላብራቶሪ ናሙና ለምትልኩ ሁሉ ይሠራል። ጀርመን ውስጥ ያለ፣ የኬሚካሎችን ፊዚካዊ ባሕርይ እየለካ የሚተዳደር፣ መካከለኛ የሚባል የግል ላብራቶሪ ነው ብላችሁ ያዙት። እኔ ፍራንክፈርት አካባቢ ለመዋቢያና ለማለስለሻ ዘይት የሚሆኑ ፈሳሾችን በምትሸጥ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ነው የምሠራው። የኔ ድርሻ ወረቀቱ ነው። ኬሚካሉን ሌሎች ይሠሩታል፣ እኔ ሕጉ የሚጠይቀው ሁሉ መሟላቱን አያለሁ።

ያዘዝነው አንድ ምርመራ ብቻ ነው፤ የአንድ ፈሳሽ ኬሚካል መቅለጫ ነጥብ። ይህን አዲስ አበባ ቀለም ፋብሪካ ውስጥ ለሚሠራ ጓደኛዬ ስነግረው ስልኩ ላይ ሳቀብኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ፈሳሽ ነው እኮ! ቀልጦ ያለቀ ነገር ደግሞ ምኑ ይቀልጣል?»

ነገሩ ወዲህ ነው። ፈሳሽ ማለት መቅለጫ ነጥቡ ካለንበት ክፍል ሙቀት በታች የሆነ ነገር ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም። በደንብ ስታቀዘቅዙት ይረጋል። የረጋውን መልሳችሁ ስታሞቁት የሚቀልጥበት ዲግሪ፣ ንጹሕ ነገር ከሆነ፣ ከሚረጋበት ጋር አንድ ነው። ለዚህ ነው ወረቀት ላይ ሁለቱም በአንድ መስመር የሚጻፉት። አሴቲክ አሲድ፣ ያው ኮምጣጤን ኮምጣጤ የሚያደርገው፣ ውሃ ካልተቀላቀለበት በ16.6 ዲግሪ ሴልሺየስ ይረጋል። አዲስ አበባ በኅዳር ሌሊት መስኮት ዳር ብታስቀምጡት ጠርሙሱ ውስጥ ድርቅ ብሎ ሊያድር ይችላል። ዲኤምኤስኦ የሚባለው ማሟሚያ 18.5 ላይ ነው። ፎርሚክ አሲድ 8 አካባቢ፣ ሳይክሎሄክሴን 6.5። ሁሉም መደርደሪያ ላይ ፈሳሽ ተብለው ነው የሚቀመጡት።

ታዲያ ሕጉ ምን አገባው? አውሮፓ ውስጥ ሪች የሚባለው የኬሚካል ሕግ ከእ.ኤ.አ. 2007 ጀምሮ ይሠራል። በዓመት ከ1 ቶን ጀምሮ አንድን ኬሚካል የሚያመርት ወይም ከውጭ የሚያስገባ ሁሉ ሄልሲንኪ በሚገኘው የአውሮፓ ኬሚካሎች ኤጀንሲ ማስመዝገብ አለበት። መቅለጫ ነጥብ ገና በዝቅተኛው የቶን እርከን ከሚጠየቁት መረጃዎች አንዱ ነው። ሴፍቲ ዳታ ሺት (የኬሚካሉን አደጋና አያያዝ የሚገልጸው ወረቀት) ላይም ክፍል 9 ስትከፍቱ ከቀለሙና ከሽታው ቀጥሎ ታገኙታላችሁ።

ለምደባም ወሳኝ ነው። በዓለም አቀፉ የምደባ ሥርዓት አንድ ነገር ጋዝ ካልሆነና በተለመደው የአየር ግፊት መቅለጫው 20 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ፈሳሽ ይባላል። ፈሳሽ ከተባለ የእሳት አደጋው በፍላሽ ፖይንት፣ ማለትም እንፋሎቱ በእሳት ሊቀጣጠል በሚጀምርበት ዲግሪ፣ ይለካል። ጠጣር ከተባለ ግን የሚደረግለት ሌላ ዓይነት የቃጠሎ ሙከራ ነው። ስለዚህ ይህቺ ቁጥር ከተሳሳተች ቀጥሎ የምታዙት ምርመራም አብሮ ይሳሳታል፣ ገንዘቡም አብሮ ይሄዳል።

ከዚህ የከፋም አለ። አክሪሊክ አሲድን ውሰዱ። 13 ዲግሪ አካባቢ ይረጋል። በራሱ ጊዜ እርስ በርሱ እየተያያዘ ፖሊመር የመሆን ጠባይ ስላለው፣ ያንን የሚያስቆም መከላከያ በትንሹ ይጨመርበታል። በርሜሉ ብርድ ሲመታው ግን የሚፈጠረው ክሪስታል መከላከያውን ገፍቶ ያስወጣዋል፣ መከላከያውም ባልረጋው ክፍል ውስጥ ይከማቻል። ከዚያ አንድ የቸኮለ ሠራተኛ በእንፋሎት ቶሎ ላሟሟው ካለ፣ መከላከያ የሌለበት ክፍል መጀመሪያ ቀልጦ ይግላል፣ መያያዙ ይጀምራል፣ ያ ደግሞ ራሱ ሙቀት ያመነጫል፣ ሙቀቱ ይበልጥ ያፋጥነዋል፣ መጨረሻው ፍንዳታ ነው። ለዚህ ነው በለብታ፣ በዝግታና እየተማሰለ መቅለጥ አለበት የሚባለው። መጋዘን ያለው ሰው ይሄ ነገር ስንት ዲግሪ ላይ ይረጋል ብሎ መጠየቁ ለወረቀት ብቻ አይደለም።

የኛው ፈሳሽ እንዲህ ዓይነት ጉድ የለበትም። ኤስተር ነው፣ ከአሲድና ከአልኮል የሚሠራ ውህድ። ስሙን የድርጅቱ ምስጢር በሉት። ጣጣው የመጣው ፖላንድ ያለ ደንበኛችን በጥር ብርድ ሲደውል ነው። በርሜሎቹ ውስጥ ያለው ነጭ ሆኗል፣ ፓምፑ አልስብ ብሏል፣ ምን ደባልቃችሁበት ነው ይላል። የኛ ወረቀት ደግሞ «መቅለጫ ነጥብ፦ ከዜሮ በታች 20 ድረስ አልታየም» ይላል። ሰውየው ያንን አምኖ ነው በርሜሎቹን ማሞቂያ በሌለው መጋዘን ያሳደራቸው። ምን ይፍረድበት?

ያንን ቁጥር ከዓመታት በፊት የሰጠን ሌላ ላብራቶሪ ነው። ርካሽ ነበር። ፈጣንም ነበር። ሪፖርቱን ከፋይል አውጥቼ ሳየው አንድ ግራፍና ጥቂት መስመር ብቻ ነው። የተጠቀሙት ዲኤስሲ የሚባለውን መሣሪያ ነው። ለማያውቀው፦ ጥቂት ሚሊግራም ናሙና በትንሽ የአሉሚኒየም ፓን ውስጥ ይታሸጋል፣ ባዶ ፓን ከጎኑ ይቀመጣል፣ ሁለቱም አብረው ይቀዘቅዛሉ፣ አብረው ይሞቃሉ። ናሙናው ሲቀልጥ ሙቀት ይወስዳል፣ ባዶው አይወስድም፣ ልዩነቱ ግራፉ ላይ እንደ ጉድጓድ ይወጣል። ጎበዝ መሣሪያ ነው። የመጀመሪያው ላብራቶሪ ፈሳሹን በደቂቃ 10 ዲግሪ እያወረደ ከዜሮ በታች 30 አደረሰው፣ ወዲያው መልሶ አሞቀው፣ ግራፉ ቀጥ ያለ መስመር ሆነ፣ «አልረጋም» ብሎ ጻፈ። አለቀ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጣመመው። ብዙ ፈሳሽ መርጋት ያለበት ዲግሪ ላይ ሲደርስ እሺ ብሎ አይረጋም። ሞለኪውሎቹ ተደርድረው የመጀመሪያዋን ክሪስታል እስኪሠሩ ጊዜ ይፈልጋሉ፣ ወይም መነሻ የሚሆን ቅንጣት፣ አቧራ ወይም የተጫረ መስታወት ይፈልጋሉ። እስከዚያ ከመርጊያ ነጥቡ በጣም ወርዶም ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል። ግሊሰሪን የታወቀ ምሳሌ ነው። መቅለጫው 18 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ግን በየፋርማሲው መደርደሪያ ላይ ረግቶ ያየው ሰው ካለ ይምጣና ይንገረኝ። በፍጥነት ብታቀዘቅዙት ክሪስታል ሳይሠራ እየወፈረ ሄዶ እንደ ብርጭቆ ይደርቃል እንጂ አይረጋም። እንግዲህ ጥቂት ሚሊግራም ንጹሕ ጠብታን፣ በንጹሕ ፓን፣ ሳይነካ ሳይማሰል፣ በደቂቃዎች ውስጥ አውርዶ ማውጣት ማለት እንዳይረጋ የሚቻለውን ሁሉ ማድረግ ማለት ነው። በርሜል ውስጥ ግን ዝገት አለ፣ አቧራ አለ፣ መንገድ ላይ መናወጥ አለ፣ ከሁሉም በላይ ሳምንታት አሉ።

ሕጉ ራሱ ለዚህ በር ከፍቶ አይደለም። ለዚህ ምርመራ የሚሠራው የኦኢሲዲ (የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት) መመሪያ ቁጥር 102 ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1995 የጸደቀው። አውሮፓ ውስጥ ያው ነገር ዘዴ ኤ.1 ይባላል። ውስጡ ብዙ ዘዴ አለ። ለዱቄት በቀጭን የመስታወት ቱቦ ማቅለጥ፣ የሚሞቅ ማይክሮስኮፕ፣ ዲኤስሲ፣ ለፈሳሽ ደግሞ የመርጊያ ዘዴ፣ ለነዳጅ ዘይት ነክ ነገሮች ፖር ፖይንት፣ ማለትም ዘይቱ ለመጨረሻ ጊዜ የሚፈስበት ዲግሪ። የመርጊያው ዘዴ እያማሰላችሁ አቀዝቅዙ፣ ጠጣሩና ፈሳሹ ጎን ለጎን እንዲቆዩ አድርጉ፣ ከመርጊያው በታች ወርዶ ፈሳሽ ሆኖ እንዳይሸውዳችሁ ይላል። ርካሹ ላብራቶሪ ከተፈቀዱት ዘዴዎች አንዱን ተጠቅሟል፣ ስለዚህ በወረቀት ደረጃ ማንም አይከሰውም። ችግሩ ለዚህ ፈሳሽ የማይሆነውን ዘዴ፣ በማይሆን ፍጥነት ተጠቅሞ ዞር ማለቱ ነው።

አሁን ወደምገመግማቸው ልምጣ። ስደውል ያነሳችው የጥናቱ ኃላፊ ከሰላምታ ቀጥሎ የጠየቀችኝ የመጀመሪያ ጥያቄ «ከረጋው ላይ ጥቂት ልታገኙልን ትችላላችሁ ወይ?» የሚል ነበር። እውነት ለመናገር ሥራውን ለነሱ የሰጠሁት እዚያው ላይ ነው። ሌሎቹ ዋጋ የጠየቅኳቸው ላብራቶሪዎች ናሙናው ስንት ሚሊ ሊትር ነው፣ መቼ ይደርሳል፣ ደረሰኙ በማን ስም ይሁን ነው ያሉት። እሷ ግን በርሜሉ ውስጥ ምን እንደሆነ ገና ሳልጨርስ ገብቷታል። ፖላንዳዊው ደንበኛ ምስጋና ይግባውና በብልቃጥ ቀድቶ፣ በቀዝቃዛ ሳጥን አሽጎ ላከልን።

ናሙና አቀባበላቸው ጥብቅ ነው። ከናሙናው ጋር ሴፍቲ ዳታ ሺቱን፣ የንጽሕና ምርመራ ውጤቱን፣ የባች ቁጥሩን፣ የሚያልፍበትን ቀንና እንዴት መቀመጥ እንዳለበት ይጠይቃሉ። አንዱ ከጎደለ ሥራው አይጀመርም። መጀመሪያ ትንሽ ያናድዳል። ግን ትክክል ናቸው። ትንሽ ቆሻሻ ወይም ትንሽ ውሃ መቅለጫ ነጥብን ወደ ታች ይጎትታል፣ አንድ ጥርት ያለ ዲግሪ መሆን የነበረበትንም ወደ ሰፊ ክልል ይለውጠዋል። ንጽሕናው ሳይታወቅ የተለካ መቅለጫ ነጥብ የማን እንደሆነ አይታወቅም።

ሩቅ ስላልሆኑ ሲሠሩ ልይ ብዬ ጠየቅኩ፣ ፈቀዱልኝም። ይህንን ሁሉም ላብራቶሪ አይፈቅድም፣ ለዚህ ብቻ ግማሽ ኮከብ ይገባቸዋል። የማስበው ትልልቅ ማሽን ነበር። ያገኘሁት የሙከራ ቱቦ፣ ቱቦው የተነከረበት ቀዝቃዛ ገንዳ፣ ቀጭን ማማሰያና የኤሌክትሮኒክ ቴርሞሜትር ነው። ባለሙያው በዕድሜ የገፋ፣ ወሬ የማይወድ ሰውዬ ነው። ፈሳሹን ዝግ እያለ አወረደው። 10 ዲግሪ፣ ጥርት እንዳለ ነው። 5፣ ያው። ዜሮ። ከዜሮ በታች 5። ምንም። ከዜሮ በታች 12 ሲደርስ ትንሽ ወፈር ብሏል እንጂ በቱቦው ጀርባ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ይቻላል። በልቤ የድሮው ሪፖርት ትክክል ሊሆን ነው እንዴ አልኩ።

ሰውየው የመስታወት ዘንግ አነሳ። ፖላንድ ከመጣው ብልቃጥ ጫፏን ነካ አድርጎ፣ የዓይን ኩል የምታህል ነጭ ነገር ይዞ ቱቦው ውስጥ አስገባትና ግድግዳውን ጫር አደረገ። ከዘንጓ ጫፍ ነጫጭ መርፌዎች ተተኮሱ። የምሬን ነው፣ ተተኮሱ ነው የምለው። ቱቦው ዓይኔ እያየ ከጫፍ እስከ ጫፍ ነጭ ሆነ። የበለጠ የገረመኝ ቴርሞሜትሩ ነው። ገንዳው ያው ቀዝቃዛ ነው፣ ቁጥሩ ግን ወደ ላይ ይሮጣል፤ ከዜሮ በታች 12 የነበረው ዜሮን አልፎ፣ 5ን አልፎ፣ 6.8 ላይ ሄዶ ቆመ። ቆመና አልነቃነቅ አለ። የሚረጋ ነገር ሙቀት ይለቃል፣ ያ ሙቀት ነው ድብልቁን እስከ መርጊያ ነጥቡ ድረስ መልሶ የሰቀለው። ሰውየው ማማሰሉን ሳያቆም በየተወሰነ ሰኮንዱ ቁጥሩን መዘገበ። ከዚያ አቀለጠው፣ ደገመው። ደገመው እንደገና። 6.8፣ 6.9፣ 6.8።

እዚህ ቢያቆሙም ይበቃ ነበር። አላቆሙም። በዲኤስሲም አረጋገጡት፣ ግን በራሳቸው መንገድ። ናሙናውን ከዘር ክሪስታሉ (መርጋቱን ከምታስጀምረው፣ ከፖላንድ ከመጣችው ቅንጣት) ጋር ፓኑ ውስጥ አሽገው በማቀዝቀዣ አሳደሩት፣ ረግቶ ካደረ በኋላ ቀስ ብለው አሞቁት። ግራፉ ላይ አሁን ጉድጓዱ ወለል ብሎ ታየ፣ መጀመሪያውም 7 አካባቢ ነው። መሣሪያው በኢንዲየም የተስተካከለበት ወረቀትም ተያይዟል፤ ኢንዲየም የሚባለው ብረት የሚቀልጠው 156.6 ዲግሪ ላይ ስለሆነ መሣሪያው ያንን ቁጥር በትክክል ካሳየ ይታመናል። ለዝቅተኛው ክልል ደግሞ ሌላ ማስተካከያ ተጠቅመዋል። ሁለት የማይገናኙ ዘዴዎች አንድ ቦታ ሲገጥሙ ሰው እፎይ ይላል።

ከሪፖርቱ ውስጥ ከሁሉም የወደድኩት ቁጥሩን አይደለም። ናሙናው ምን እንደሆነ በቃላት የተጻፈበት ግማሽ ገጽ አለ። በየትኛው ዲግሪ ጥርት ያለ ነበር፣ በምን ነካነው፣ የክሪስታሉ መልክ ምን ይመስላል፣ ሲቀልጥ ቀለሙ ተቀየረ ወይስ አልተቀየረም። ዘር ካልተጨመረበት እስከ ከዜሮ በታች 12 ድረስ ሳይረጋ ሊቆይ ይችላል የሚል ማስጠንቀቂያም አለበት። መጋዘን ጠባቂ የሚጠቅመው ይሄ ነው። ያንን አንቀጽ አሳጥሬ ሴፍቲ ዳታ ሺታችን ላይ አስገባሁት፣ የማከማቻውን ክፍልም ከ15 ዲግሪ በላይ ይቀመጥ ብለን አሻሻልነው።

በሉ አሁን ወደ ምሬቴ።

አንደኛ፣ መልስ አይሰጡም። ስልክ ላይ እንደ ማር ናቸው፣ ኢሜይል ላይ ግን የሞተ ቤት ነው። ናሙናው ደርሷል ወይ ብዬ ጽፌ መልሱ የመጣው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው።

ሁለተኛ፣ ጂኤልፒ፣ ማለትም ላብራቶሪ ምርመራውን እንዴት እንደሚያቅድ፣ እንደሚመዘግብና እንደሚያስቀምጥ የሚደነግገው የጥራት ሥርዓት። ዋጋ ሲልኩላችሁ በሁለት መልክ ይልካሉ፣ በጂኤልፒና ያለ ጂኤልፒ። በጂኤልፒ ያለው ኪስ ያራግፋል፣ ምክንያቱም የጥናት ዕቅድ ይጻፋል፣ የጥራት ክትትል ሰው ከጎን ሆኖ ያያል፣ ጥሬው መረጃ ለዓመታት ይቀመጣል። ሥርዓቱ በከንቱ አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ኢንዱስትሪያል ባዮ-ቴስት የሚባል ትልቅ ላብራቶሪ የእንስሳት ምርመራ ውጤቶችን ሲፈበርክ ከተያዘ በኋላ ነው የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት መሥሪያ ቤት በ1978 ደንቡን ያወጣው፣ ኦኢሲዲም በ1981 የራሱን መርሆዎች አጸደቀ። ጥሩ። ግን ሪች ጂኤልፒን የሚያስገድደው ለመርዛማነትና ለአካባቢ ጉዳት ምርመራዎች ነው። መቅለጫ ነጥብን ለመሰለ ፊዚካዊ ምርመራ አያስገድድም። ይህንን ላብራቶሪው ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። አለቃዬ ግን ማኅተም ይወዳል፣ እነሱም «አያስፈልጋችሁም» አላሉትም። የሚሸጥ ሰው ለምን ይላል ትሉኝ ይሆናል፤ የሚታመን ሰው ይላል ባይ ነኝ።

ሦስተኛው ከሁለተኛው የተወለደ ነው። በመጨረሻው ሪፖርት ላይ የባች ቁጥራችን አንድ አኃዝ ተዛብታ ተጻፈች። ያለ ጂኤልፒ ቢሆን አስተካክለው ፋይሉን ይልኩ ነበር። በጂኤልፒ የተፈረመ ሪፖርት ግን አይነካም፤ በጽሑፍ ማሻሻያ ይዘጋጃል፣ ምክንያቱ ይገለጻል፣ እንደገና ይፈረማል። ለአንዲት አኃዝ ስንት ጊዜ እንደጠበቅን አትጠይቁኝ። ደግነቱ ለማሻሻያው አላስከፈሉንም።

ከዚህ ላብራቶሪ ወጣ ብዬ አንድ ነገር ልበል፣ በተለይ ትንሽ ድርጅት ላላችሁ። ምርመራ ከማዘዛችሁ በፊት ምርመራው እንደሚያስፈልጋችሁ አረጋግጡ። ሪች ከዜሮ በታች 20 ዲግሪን አልፎ መመርመር ግዴታ አይደለም ይላል። ፈሳሻችሁ በእርግጥ እስከዚያ ድረስ የማይረጋ ከሆነ ከዚያ በታች ፈሳሽ ናይትሮጅን እያፈሰሱ ለሚሠሩላችሁ ነገር መክፈል የለባችሁም። የታወቀ ኬሚካል ከሆነ ደግሞ ምናልባት ሌላ ሰው አስቀድሞ አስመዝግቦታል። ለኤጀንሲው ጥያቄ ማቅረብ ለማንኛውም ግዴታ ነው፣ መልሱ ቀድሞ ከመዘገቡት ጋር ያገናኛችኋል። 12 ዓመት ያለፈው የጥናት ማጠቃለያ ለምዝገባ ሲሆን ያለ ክፍያ መጠቀም ይፈቀዳል። የመጀመሪያው ትልቅ የምዝገባ ማብቂያ እ.ኤ.አ. 2010 ስለነበር በዚያን ጊዜ የገባው ብዙ መረጃ ዛሬ ዕድሜው ደርሷል። ግን የሰው ቁጥር ስትወስዱ ከጀርባው ያለውን ዘዴ እዩ፤ የኛም የድሮ ቁጥር ለሌላ ሰው ቢሰጥ ኖሮ ምን ያህል ያምር ነበር!

ድብልቅ ላላችሁ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ንጥር ቅቤ አንድ መቅለጫ ነጥብ የለውም፣ ከፊሉ ሲቀልጥ ከፊሉ ረግቶ ይቆያል። ከእጽዋት የሚወጣ ዘይት፣ ሰም ያለበት ዘይት፣ ብዙ ኬሚካል የተቀላቀለበት ነገር ሁሉ እንዲያ ነው። እንዲህ ላለው አንዲት ቁጥር በሪፖርት ላይ ካያችሁ ጠርጥሩ፣ ክልል መሆን ነበረበት። ዘይት ነክ ከሆነ ፖር ፖይንት ጠይቁ። ናሙናው እየቀዘቀዘ በየ3 ዲግሪው ቱቦው ዘንበል ይደረጋል፣ ለመጨረሻ ጊዜ የተንቀሳቀሰበት ዲግሪ ይመዘገባል። ቀላል፣ ርካሽ፣ ለፓምፕ ባለቤትም በጣም የሚገባ ነው። አገር ቤት ሆናችሁ የእጽዋት ዘይት ወደ አውሮፓ ለመላክ የምታስቡ ካላችሁ ገዢያችሁ ይህንን ሊጠይቃችሁ ይችላል። ሪች የሚያናግረው አውሮፓ ውስጥ ያለውን አስመጪ ወይም እናንተ የምትሾሙትን ወኪል ነው፣ ናሙናው ግን ከእናንተ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ የባች ቁጥርና የንጽሕና ውጤት አብሮ ይሂድ።

ላብራቶሪ ስታወዳድሩ እኔ አሁን የምጠይቀው እንዲህ ነው። ፈሳሹ ካልረጋላችሁ ምን ታደርጋላችሁ? መልሱ «አልረጋም ብለን እንጽፋለን» ከሆነ ስልኩን ዝጉ። «እናቆየዋለን፣ እንጭረዋለን፣ ዘር ካላችሁ ላኩልን፣ ቀስ ብለን እንደግመዋለን» ካሉ ቀጥሉ። በምን ፍጥነት ነው የምታቀዘቅዙት? ግራፉን ከነጥሬ ቁጥሩ ትልኩልኛላችሁ? የኛዎቹ ግራፉን ሪፖርቱ ውስጥ አስገብተዋል፣ ጥሬውን ቁጥር ግን ስጠይቅ ነው የላኩት፣ ሳልጠይቅ ቢመጣ ደስ ይለኝ ነበር።

ዋጋቸውን አልጽፍም፣ ለየደንበኛው ስለሚለያይ። ከርካሹ ላብራቶሪ በእጥፍ ይበልጣሉ ብል ግን አልተሳሳትኩም። በሌላ በኩል ፖላንድ ውስጥ የቆሙት በርሜሎች፣ የተመለሰው ጭነትና የተሰጠው ቅናሽ ከሁለቱም ላብራቶሪዎች ደረሰኝ ይበልጣል።

ቀጣዩን ናሙና አዘጋጅቻለሁ፤ ሌላ ኤስተር፣ እሱም ወረቀቱ ላይ «አልረጋም» የሚል። እነዚሁ ሰዎች ጋ ነው የሚሄደው። ያለ ጂኤልፒ። አለቃዬን አሳምኛለሁ፣ ኢሜይል ሳይሆን ስልክ ነው የምመታላቸው።